ሳይጠየቁ ማምለጥ፣ ሳይጠየቁ መቀጣት

ተጠያቂነት በአገራችን በሁለት ወቅት ብቻ የሚታወስ ጉዳይ ሆኗል፤ አንድም በስብሰባ ማጠቃለያ ላይ፣ አንድም ጥፋት ከደረሰ በኋላ። በስብሰባው «ተጠያቂነት ይስፈን» ይባልና ይጨበጨባል። ጥፋቱ ሲደርስ ደግሞ «ማን ይታሰር? ማን ይነሳ?» የሚለው ይቀድማል። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ማለትም ገንዘቡ ሲወጣ፣ ሥራው ሲሠራ፣ ሪፖርቱ ሲጻፍ ያለው ጊዜ፣ ጠያቂ አጥቶ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ ተጠያቂነት በዋናነት የሚኖረው በዚያ መካከለኛ ጊዜ ውስጥ ነው። ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ያደረገውንና ያላደረገውን፣ ነገሩ ገና ሊስተካከል በሚችልበት ሰዓት፣ የማዘዝ አቅም ላለው ሰሚ በማስረጃ ማስረዳቱ ነው ተጠያቂነት። ቅጣት የዚህ ሂደት መጨረሻ ሊሆን ይችላል፤ ምትኩ ግን መሆን አይችልም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በ1965 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው አስፋልት ዳር የሆነውን፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመውን፣ ከአሥር ዓመት በኋላም በዚያው በወሎ የተደገመውን አያይዞ መመልከት ይበቃል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከ1965 ቀደም ብሎ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1950 እስከ 1969 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረሃብ ባጠኑበት፣ በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፋቸው፣ በ1958 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ወሬ በምን መንገድ እንደተጓዘ ተከትለውታል። ሪፖርቱ በጽሕፈት ቤቶች መካከል ሲንከባለል ቆይቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጀበት። ሲደርስ የወጣው ትእዛዝ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጣርቶ እንዲላክ የሚል ነበር። 302 ቀን አሥር ወር ነው፤ ለገበሬ ከአንዱ አዝመራ እስከ ሌላው ማለት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ይህ መዘግየት እንዴት እንደሚፈጠር አይጠፋውም። ደብዳቤው ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ይፈረምበታል፣ በሸኚ ደብዳቤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። እያንዳንዱ ሠራተኛ «የበኩሌን ተወጥቻለሁ» ማለት ይችላል፤ ውሸቱንም ላይሆን ይችላል። የጎደለው ሌላ ነው። ደብዳቤው በስንት ቀን መልስ ማግኘት እንዳለበት የሚቆጥር የለም፤ ሳይመለስ ቢቀር የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የተራበው ሰው ራሱ ገብቶ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» የሚልበት በር የለም። ሁሉም የሚመልሰው ለበላዩ ነው። ለበላዩ ብቻ የሚመልስ ሰው ደግሞ የበላዩን ፊት የማያጠቁር ሪፖርት መጻፍን ቶሎ ይማራል።

ትምህርቱ ያልተወሰደ በመሆኑ ነገሩ ከሰባት ዓመት በኋላ በከፋ መልክ ተመለሰ። ዝናቡ ቀርቶ ሰብሉ ሲጠፋ የወሎ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን በርካሽ ሸጦ ጨረሰ። በ1965 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ከወሎ የፈለሱ ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች አዲስ አበባ ደርሰው ቀይ መስቀል ሊረዳቸው ይሞክር ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ሕዝብ ፈሰሰ፤ አውቶቡስና የቤት መኪና እያስቆመ ቁራሽ ይለምን ጀመር። በሚያዝያ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቀረቡ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በብሪታኒያ ቴሌቪዥን የታየው ግን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «መንግሥት አላወቀም ነበር» የሚለው መከላከያ አይጸናም። ረሃቡ የተደበቀው ከማያውቁ ሰዎች አልነበረም፤ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው ዝም ያሉት። አሜሪካዊው ጃክ ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ዝምታው የቤተ መንግሥት ብቻም አልነበረም። መንግሥትን ላለማስቀየም ብለው አፋቸውን የዘጉ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎችና ዲፕሎማቶችም ነበሩበት። የሟቹ ቁጥር ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ግምቶቹ ከ40 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው መቃወሚያ አለ፦ «ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ዝናብ ለቀረበት ማን ይጠየቃል?» የሚል። ዝናብ በመቅረቱ የሚጠየቅ ሹም እንደሌለ እሙን ነው። ነገር ግን ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንኑ የወሎ ረሃብ መርምሮ የደረሰበት ውጤት መቃወሚያውን ከመሠረቱ ያናጋዋል። እንደ ሴን ትንተና በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው ምግብ ከወትሮው ብዙ ያነሰ አልነበረም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ በረሃብ ጊዜ ይጠበቃል በሚባለው መጠን አልናረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ገበያው የእሱን ረሃብ አልሰማውም። እንዲያውም ከወሎ የተወሰነ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው፤ ዳር ዳሩን የተራበ ሰው ተቀምጧል፣ መሐሉን እህል የጫነ መኪና ያልፋል። ዝናብ ማዝነብ የማንም ሥልጣን አልነበረም። ያንን መኪና አይቶ «ይህ እህል ወዴት ይሄዳል? እነዚህ ሰዎች እንዲገዙት ምን ይደረግ?» ብሎ መጠየቅና ማዘዝ ግን የሰው ሥልጣን ነበር። ተጠያቂነት የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሌላኛው ጽንፍ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ፕሮፌሰር መስፍንም አባል ነበሩበት፣ የወሎ ረሃብም ከሚመረመሩት ጉዳዮች አንዱ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እስከዚህ ድረስ አገሪቱ ባለሥልጣኖቿን በሥርዓት የምትጠይቅበት ዕድል ገና አልተዘጋም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ግን ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ያኔ ብዙ ሰው «የእጃቸውን አገኙ» ብሎ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ የሚል አይጠፋም። ወሎ ያየውን ላየ ሰው ቁጣው አያስገርምም። ይሁንና ያ ሌሊት ለተራበው ሰው ምን አስገኘለት? የግብርና ሪፖርቱን የያዘው ማን ነበር? እርዳታ እንዳይጠየቅ የወሰነው የትኛው ስብሰባ ነው? ከበታች የመጣውን ማስጠንቀቂያ ማን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት? እነዚህ ጥያቄዎች በችሎት ፊት ተነስተው፣ መልሳቸው በመዝገብ ሰፍሮ፣ ለሚቀጥለው ሹም መማሪያ መሆን ሲችሉ ከሚመልሷቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጋር ተቀበሩ። ሙት አይጠየቅም። ከሞቱት መካከል በረሃቡ ጉዳይ እጁ የሌለበት ሰው ቢኖር እንኳ ያንን የሚለይ ችሎት አልነበረም። በ1965 ኃላፊዎች ሳይጠየቁ አመለጡ፤ በ1967 ሳይጠየቁ ተቀጡ። በሁለቱም ጊዜ የጠፋው ጥያቄው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው «ጠንካራ ቅጣት ሌላውን ያስተምራል» ለሚሉ ሰዎች ዋናው ምላሽ ነው። ቅጣት ብቻውን ቢያስተምር ኖሮ ከዚያ ሌሊት በኋላ የመጣ የኢትዮጵያ ሹም ሁሉ የረሃብን ወሬ እንደ እሳት አደጋ ደወል በተቀበለ ነበር። ደርግ ከ1965ቱ ረሃብ ትምህርት የተነሳ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረው። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን አሳውቆ እርዳታ ጠይቋል። የመንግሥቱ ዋና ሐሳብ ግን መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በሚከበረው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና በገዥው ፓርቲ ምሥረታ ላይ ነበር። ዓለም ጉዳዩን በሰፊው ያወቀው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ያው ወሎ፣ ያው የውጭ ካሜራ፣ ያው መዘግየት። የተለወጠ ነገር ቢኖር ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ዝም ያለውን የሚጠይቅ ግን አሁንም አልነበረም። ሥልጣን ላይ ያሉት ከኅዳር 14 የተማሩት ለሕዝብ መልስ መስጠትን አልነበረም፤ ሥልጣን ያጣ ሰው እንደሚሞት ነው። እንዲህ የተማረ ሹም ክፉ ወሬን በጊዜ አይናገርም፤ ይደብቃል።

ተቃራኒውን ለማየት 2008 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በኤልኒኞ ሳቢያ የደረሰው ድርቅ ምሥራቅ አማራን ጨምሮ ብዙ የአገሪቱን ክፍል መታ። ተረጂዎች ተብሎ በይፋ የተነገረው ቁጥር በነሐሴ 2007 ዓ.ም. 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ነበር። ቁጥሩ እየከፋ መሄዱ ለመንግሥት የሚያኮራ ዜና አልነበረም፤ ሆኖም ተነገረ። የ1965ቱንና የ1977ቱን የመሰለ እልቂትም አልደረሰም። ለዚህ ምክንያቱ ግልጽነት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። መንገድ ተሠርቶ ነበር፣ መንግሥትም የራሱን በጀት አውጥቷል፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ነበር። ነገር ግን ገንዘብና መኪና የሚንቀሳቀሱት ቁጥሩ በጊዜ ሲነገር ነው። በሴፍቲኔት አሠራር ደግሞ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ለቀበሌው ሕዝብ በይፋ እንዲገለጽ፣ ስሙ የቀረበትም ሰው ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ደንቡ ያዛል። ይህ በየቀበሌው እንደ ደንቡ ይሠራል ማለት አይደለም። ቢሆንም «እኔ ለምን ቀረሁ?» የሚል ድሀ ጥያቄውን የሚያቀርብበት ቦታ በወረቀት ላይ እንኳ መኖሩ ከ302ቱ ቀን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ርቀት ነው። በ1958 የሟች ስም ዝርዝር ነበር የተጠየቀው፤ እዚህ የሚጠየቀው በሕይወት ያለ ሰው ስም ዝርዝር ነው።

ሁለተኛው ጠንካራ መቃወሚያ ከባለሙያዎች ይመጣል። «ሰው ለእያንዳንዱ ውሳኔው የሚጠየቅ ከሆነ ሐኪሙ ከባድ ሕመምተኛ መንካት ይፈራል፤ መሐንዲሱ ሳይፈርም ያሳድራል፤ ሠራተኛው ሁሉ ራሱን መከላከያ ወረቀት ሲሰበስብ ይውላል» ይላሉ። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ግን የሚመነጨው መጠየቅንና መቅጣትን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። የአቪዬሽን ሙያ ሁለቱን ለይቶ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ የአደጋ ምርመራው ዓላማ ምክንያቱን አውቆ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ወንጀለኛ መፈለግ አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ ሕግም የሚያዘው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት መጋቢት 26፣ አደጋው በደረሰ በ25ኛው ቀን ወጣ። «አብራሪዎቹ አጥፍተው ይሆናል» ለሚለው ቀዳሚ ግምት ይህ ሪፖርት ሌላ አቅጣጫ አሳየ፤ ጥያቄውም ወደ አውሮፕላኑ ሠሪ ዞረ። የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ከኋላቸው የሟች ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ይዘው ተቀምጠው፣ ለሰዓታት ተጠየቁ፤ ቆይቶም ከሥራ ተነሱ። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ የሆነው ተጣራ፣ ቀጥሎ ኃላፊዎች ተጠየቁ፣ ቅጣቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚቀጣው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ የተገኘው የበታች ሠራተኛ ነው፤ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛው መቃወሚያ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ የይሉኝታ ሰዎች ነን፤ ትልቅ ሰው በአደባባይ አይጠየቅም» የሚለው ነው። በወሎ ምድር ቆሞ ይህን ማለት ያስቸግራል። አንድ ነገር ሲጠፋ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያወጣጣበት አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት የነበረው አገር ነው። እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጠው፣ አበጋር የሚባለው የወሎ የዕርቅ ሥርዓት ደም ሲያደርቅ ነገሩን አድበስብሶ አያልፍም። በዳይ በደሉን ይናገራል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ ዕርቁ ሰው እያየ ይፈጸማል። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ እንከን አልጠፋም፤ ሴቶች ድምፃቸው የማይሰማበት፣ አቅመ ቢስ የሚጫንበት ጊዜ ነበር፤ ደግሞም የሚዳኙት በአብዛኛው ጎረቤትን ከጎረቤት እንጂ ሹምን ከሕዝብ አይደለም። ነገር ግን በአደባባይ መጠየቅና መመለስ ለዚህ ሕዝብ ባዕድ እንዳልሆነ በቂ ምስክር ናቸው። ይሉኝታ ለሹም ብቻ የሚሠራ ከሆነ ባህል መሆኑ ቀርቶ ከለላ ይሆናል።

ተጠያቂነት አቅጣጫውን ሲስት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በቅርቡ አይተናል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ለተረጂው ሳይደርስ እየተዘረፈና እየተሸጠ መሆኑን ደርሰንበታል ብለው የምግብ እርዳታን በመላው ኢትዮጵያ አቆሙ። የእርዳታ እህል ስርቆት ከባድ ወንጀል ነው፤ መጣራቱም የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ለወራት ጦሙን ያደረው የሰረቀው አልነበረም፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የነበረው ድሀ ነው። ስርጭቱ ሲከናወን በየመጋዘኑና በየማከፋፈያው ጣቢያ የሚጠይቅ ቢኖር ኖሮ አገር ሙሉ እርዳታ ማቋረጥ ባላስፈለገ ነበር። ጥያቄው በዘገየ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው ከጥፋተኛው ይልቅ ተበዳዩ ይሆናል።

«ታዲያ ሕግ ይውጣ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሕጉስ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምና ተመራጭ እንደሚጠየቅ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ደንግጓል። የዕንባ ጠባቂ ተቋም በ1992፣ የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 በአዋጅ ተቋቁመዋል። መረጃ የማግኘት መብት በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ሆኗል። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። የጎደለው አንቀጽ ሳይሆን ሰሚ ነው፤ የኦዲት ግኝት ተነቦ «የአምናው ምን ደረሰ?» የሚል ምክር ቤት፣ አቤቱታ ተቀብሎ በቀጠሮ የሚመልስ መሥሪያ ቤት፣ መልስ ያላገኘ ጥያቄን ደግሞ ደጋግሞ የሚያነሳ ሕዝብና ጋዜጠኛ። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ፈተናው እዚሁ ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻን ጨምሮ የሰሜኑ ጦርነት ያለፈባቸው ከተሞች የሚጠብቁት የሆነው ነገር ከማንም ወገን ሳይሸፋፈን በማስረጃ እንዲመዘገብ ነው። ያለዚያ አንዱ ወገን የኅዳር 14ን ዓይነት ቅጣት ሲመኝ ሌላው የ1965ን ዓይነት ዝምታ ይመርጣል።

ተራው ሰውስ ምን ማድረግ ይችላል? የኮምቦልቻ ነዋሪ ደጃፍ ላይ ያለውን እንውሰድ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሥራው ብዙ ከተጓዘ በኋላ ለዓመታት አገልግሎት ሳይሰጥ ቆይቷል። የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የገንዘብ፣ በኋላም የጦርነቱ ጉዳት ምክንያት ሆነው ተጠቅሰዋል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የሕዝቡ መብት ምክንያቶቹን ዝርዝር አድርጎ መስማት ነው፦ የትኛው ችግር መቼ ታወቀ? ያኔ የወሰነው ማን ነው? ቀሪው ሥራ በስንት ብርና በምን ያህል ጊዜ ያልቃል? በዚያ ጊዜ ባያልቅ መልስ የሚሰጠው ማነው? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለማንሳት ማንንም መስደብ፣ ማንንም «ሌባ» ማለት አያስፈልግም። ለባቡሩ የሚሠሩት ለቀበሌ መንገድም፣ ለትምህርት ቤት መዋጮም፣ ለዕድር ሒሳብም፣ ለጤና ጣቢያ መድኃኒትም ይሠራሉ። መልሱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ቀን ይቆረጥለት፤ በቀኑ ካልመጣ እንደገና ይጠየቅ። ባለሙያም በበኩሉ ያየውን ጉድለት ፈርሞ፣ ቀን ጽፎ ያሳውቅ፤ በቃል የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነገ ምስክር አይሆንም።

ወሎ ሁለቱንም ከፍሏል፤ ያለ ጥያቄ የታለፈውንም፣ ያለ ጥያቄ የተቀጣውንም። ሁለቱም ከሚቀጥለው ረሃብ አላዳኑትም። ስለዚህ «ማን ይታሰር?» ከማለታችን በፊት «ማን፣ ለማን፣ እስከ መቼ ይመልስ?» የሚለውን እናስቀድም፤ ጥያቄውንም ጥፋቱ እስኪደርስ አናሳድረው።